የሕያው ተስካር

«የስጦታውን ተስካርማ በልተናል፤ ጠጥተንማል። አንድ ሰው ስንቴ ይሞታል?» አለ የእድሩ ዳኛ ይታያል።

ሀብትነሽ ከግድግዳው ማዶ፣ የእህል ከረጢት በተደረደረበት በረንዳ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ግቢ እስኪሏት ትጠብቅ ነበር። ውስጥ አንዱ ሳቀ። ሌላው «ኧረ ተዉ፣ ሬሳ ነው» አለ። እሷ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም፤ መጋረጃውን ገለጠችና ገባች። ሽማግሎቹ ሁሉ የመጣችበትን እያወቁ እግዜር ያጥናሽ ያላት አልነበረም። «ድንኳን አልጠየቅኋችሁም፤ ወንበርም አልጠየቅኋችሁም» አለች። «ወንድሜ ካባታችን መቃብር አጠገብ እንዲያርፍ ተሸካሚ ስጡኝ፤ ለሰበካ ጉባኤውም አንድ ቃል ተናገሩልኝ።» የሰበካ ጉባኤውም አባል የሆነው ይታያል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ፊት የተናገረውን ማጠፍ ሞት የሚመስለው ዓይነት ሰው ነው። «እህቴ» አላት ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ፣ «አንቺም እኮ ያን ለት ወገብሽን አስረሽ ጠላውን ስታንቆረቁሪልን ነበር።» እውነቱን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ቢቸና ውስጥ ያልሰማው የለም። ስጦታው በጎረምሳነቱ አናጢነት ሊማር ባሕር ዳር ወርዶ፣ እዚያው ካቶሊክ ሆነ። ወሬው ለአባቱ በገበያ ቀን፣ በሰው ፊት ተነገራቸው። ብርቱ ሰው ነበሩ፤ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። ቤታቸው ገብተው ፀጉራቸውን ተላጩና «ልጄ ሞቷል» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ለቀስተኛው ጎረፈ። በአርባው ሰንጋ ተጣለ፣ ድንኳን ተተከለ፣ የሕያው ሰው ተስካር ተበላ። ከዚያ ወዲያ ስጦታው የሚባል ስም እቤት ውስጥ አልተነሳም። አባትየው ራሳቸው ሲሞቱ እንኳ ለልጁ መልእክት የላከ ሰው የለም። እሱ ሞጣ ላይ አልጋና በር እየሠራ፣ እሷ ቢቸና ላይ በርበሬና ኮረሪማ እየሸጠች፣ በመካከላቸው ግማሽ ቀን የማይሞላ የመኪና መንገድ ተጋድሞ፣ ዕድሜያቸውን እንዲሁ ፈጁት። ታዲያ ዛሬ ጎህ ሲቀድ የማታውቀው ቁጥር ደወለላት። «አባ ኃይለ ጊዮርጊስ እባላለሁ፤ የሞጣው የካቶሊክ ቄስ ነኝ» አለ ድምፁ። «ወንድምሽ ሌሊት አርፏል። የሚቀበርበት ቦታ ግን እስካሁን አላገኘሁም።»

ከእድሩ ቤት ወጥታ በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄደች። የንስሐ አባቷን ቄስ ውበቴን ኪዳን አድርሰው ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው መድከም ጀምሯል፤ ጋቢያቸው ጫፉ ተበልቷል። ሀብትነሽ እንደ ልማዱ ጉልበት ትስም ነበር፤ ዛሬ ግን ቆማ ነገረቻቸው። «ሰምቻለሁ። ቅድም የሰበካ ጉባኤውን ጠየቅኋቸው» አሉ። «ካቶሊክ እዚህ አፈር አይገባም ነው መልሱ። መሬቱ የኔ አይደለም፤ ልሰጥሽ አልችልም።»

«የርስዎ ምኑ ነው ታዲያ?» አለች። «ሲበላ ከሰው ፊት ተቀምጠው በልተዋል። ሲቀበር ደግሞ የሉም። ቄስ ማለት ይኸው ነው?» ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። ሽማግሌው አልተቆጡም። ዘንጋቸውን ፈልገው ተነሱ፤ ጃንጥላቸውን ከግንቡ ላይ አነሱና፣ «መኪና ይገኝ ይሆን?» አሏት።

መኪና በመከራ ተገኘ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ስለሆነ ታሪፍ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሾፌሩ አፉ ያመጣለትን ይጠይቃል፣ ሰዉም ይከፍላል። ሁለቱ ከኋላ ወንበር ተጣበው ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ሁለት ሴቶች የጤፍ ዋጋ ኩንታሉ ስንት እንደገባ ይከራከራሉ፤ አንዷ «ዘንድሮ እንጀራ በሕልሜም ስስ ሆኖብኛል» ትላለች፤ ሌላዋ ትስቃለች። ሀብትነሽ በመስኮቱ የታጨደውን ማሳ ታያለች። ከጎኗ የተቀመጡት ሰው በልጅነቷ ያጠመቋት፣ ያጋቧት፣ እናትና አባቷን የቀበሩላት ናቸው፤ አንድም ቀን ግን ስለ ራሳቸው ጠይቃቸው አታውቅም። ቄስ እንደ ደብሩ ዋርካ ነው፤ ሰው ይጠለልበታል እንጂ እንዴት አደርክ ብሎ አይጠይቀውም። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ልታያቸው አልፈለገችም። እሳቸውም ደብረ ወርቅን እስኪያልፉ በከንፈራቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ከደብረ ወርቅ ወዲያ ኬላ ላይ ሁሉም ውረዱ ተባለ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ተሰለፉ፤ ከረጢት ተፈታ፣ ስልክ ታየ። ፈታሹ ቄስ ውበቴ ዘንድ ሲደርስ ጥምጥማቸውን እንዲፈቱ አዘዛቸው። ሰልፉ ሁሉ ዓይኑን ሰበረ። ሽማግሌው ግን ሳይቸኩሉ፣ ሕፃን ከመጠቅለያው እንደሚያወጣ ሰው፣ ነጩን ሻሽ ዙር በዙር ፈቱት። ራሳቸው መላጣ ነበር፤ ቀጭን፣ የደም ሥሩ የሚታይ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ። ሀብትነሽ እስከ ዛሬ ያንን ራስ አይታው አታውቅም ነበር። «ወዴት ነዎት አባ?» አለ ፈታሹ ድምፁ ለስልሶ። «ለቀብር» አሉ። «የማን?» ትንሽ አሰቡና፣ «የልጄ» አሉት። መኪናው ውስጥ ሲመለሱ ሻሹ አልጠመጠም ብሏቸው ነበር፤ እሷ ጫፉን ያዘችላቸው።

ሞጣ ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ስጦታው ያረፈበት ቤት ከገበያው ጀርባ፣ የጨርቅ ነጋዴው የእንድሪስ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው አንደኛው ወገን የእንድሪስና የባለቤቱ የዘኪያ መኖሪያ ነው፤ በሌላው ወገን ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የካቶሊኩ ቄስ ማደሪያ፣ አንዱ የጸሎት ቤት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ሀብትነሽ በሐሳቧ ግንብና ሀብት፣ የፈረንጅ ገንዘብ፣ ወንድሟን ያማለለ ድሎት ነበር የምታየው። ያገኘችው ግን በጭቃ የተመረገ፣ ጣራው የዛገ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ነው። ከፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ ከላዩ የእመቤታችን ሥዕል፤ ከሥዕሉ በታች ስጦታው በሰሌን ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ያን ሁሉ ዓመት ሳታየው ኖራ፣ አሁን ፊቱን ለማየት እንኳ ተከልክላለች፤ ተገንዟል። መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ግን እንባዋ እምቢ አላት።

አንድ አጭር፣ ጎልማሳ ሰው በበሩ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ መዳፉ ላይ ጨርቅ ጠቅልሏል፤ ካንገቱ ላይ መስቀል ባይኖር የቀን ሠራተኛ ነው ትል ነበር። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። አንቱ ለማለት አፏ አልታዘዛትም። «አንተ ነህ ወንድሜን የወሰድከው?» አለች።

«የደወልኩልሽ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። ክሱን አልመለሱም። ቄስ ውበቴን ሲያዩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ሽማግሌውም አጸፋውን መለሱ፤ መስቀል ግን ማንም ለማንም አላወጣም። «ቦታ ተገኘ» አሉ አባ። «ባሕር ዳር ወደ ወገኖቻችን መቃብር ልወስደው ነበር፤ መንገዱ ወደዚያ ዝግ ነው። ማዘጋጃ ቤት ቀባሪ ለሌለው የሚሰጠው ቦታ አለ፤ ገደሉ አጠገብ። ድንጋያም ነው፤ ጋሼ እንድሪስ ባያግዘኝ አልጨርሰውም ነበር። ምግብ ቀምሳችኋል?»

ቀባሪ ለሌለው። ሀብትነሽ ቃሉን ዋጠችው። ዘኪያ መጥታ ክንዷን ይዛ አነሳቻት፤ ወደ ቤቷ አግብታ ውኃ ሰጠቻት። ዘኪያ ወሬኛ የሚሏት ዓይነት ሴት ናት፤ ግን ዝምታ የሚገድለውን ሰው ወሬ እንደሚያድነው ታውቃለች። «አይ እቴ፣ ወንድምሽ ጨዋታው!» አለች። «አንድ የቢቸና ነጋዴ ገበያ ላይ ቢያየው ደንግጦ አማተበ፤ ‹አንተ አልሞትክም እንዴ?› ቢለው፣ ‹ሞቼ ነበር፤ እዚያም የቤት ኪራይ ተወደደና ተመለስኩ› አይለው መሰለሽ!» ሀብትነሽ ቀና አለች። «ተስካሩን ያውቅ ነበር?» ዘኪያ ደነገጠች። «ያውቃል እንጂ። ሳያውቅ ይቀራል? ‹ጠላው ቀጥኖ ነበር ወይ?› ብቻ ነው የሚለው። ይስቃል፤ ከዚያ ያን ቀን ምሳ አይበላም።»

ጉበቱን ነበር የታመመው። ሐኪም ቤት ‹ይዛችሁት ግቡ› ብሎ ከሸኘው ወዲህ፣ አለች ዘኪያ፣ ሆዱ አብጦ፣ ጠረኑ ተለውጦ፣ እሷ እንኳ ሾርባውን በር ላይ አስቀምጣ ነበር የምትመለሰው። «እኔ ምን ልዋሽሽ፤ አልቻልኩም። ሰውየው ግን» አለች በአገጯ ወደ ጸሎት ቤቱ እያመለከተች፣ «አጠበው። አንሶላውን በነጋ በጠባ እዚህ ቧንቧ ላይ አጠበ። አልጋውን ለሱ ለቆ ራሱ አግዳሚ ላይ ተኛ። ሞተር ሳይክል ከተከለከለ ወዲህ በየገጠሩ ያሉትን ሦስት አራት የሃይማኖቱን ቤተሰቦች በእግሩ ነው የሚጠይቀው፤ ሄዶ ሲመለስ እግሩን ሳይታጠብ ነበር ወደ በሽተኛው የሚገባው። እንድሪስ አንድ ቀን ‹አንተ ሰው፣ ወንድምህ ነው?› ቢለው፣ ‹እስኪመጡ ነው› አለው። እናንተን መሆኑ ነው እንግዲህ።» ይህን ስትሰማ ነው ሀብትነሽ ያለቀሰችው። እንዲህ ያለ ለቅሶ ድምፅ የለውም፤ ሰውነት ብቻ ይነቀነቃል።

ሬሳው ሊወጣ ሲል ሌላ ችግር መጣ። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ከአግዳሚዎቹ አንዱን ገልብጠው ቃሬዛ አድርገውታል፤ ነገር ግን ተሸካሚ የለም። የከተማው ወጣት በዚህ ወራት ተሰብስቦ መሄድ ይፈራል፤ የጎረቤት ክርስቲያኑ ደግሞ በበሩ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል እንጂ ደጁን አያልፍም፤ የየእድሩ ሕግ አለበት። አባ አንዱን ጫፍ ያዙ። እንድሪስ ኮፍያውን አስተካክሎ ሁለተኛውን ያዘ። ቄስ ውበቴ ጃንጥላቸውን ለዘኪያ ሰጥተው ሦስተኛውን ሲይዙ «እርስዎ ይቅርብዎ አባቴ» ቢሏቸው አልሰሙም። አራተኛው ጫፍ መሬት ላይ ቀረ። ሴት ሬሳ አትሸከምም፤ ያገሩ ሕግ ነው። ሀብትነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ወገቧ ላይ አሰረችና አነሳችው። ወንድሟ ቀሊል ነበር። ይህን ያህል ይቀላል ብላ አላሰበችም።

ወደ ገደሉ ከሚወስደው አቀበት መካከል ቄስ ውበቴ ትንፋሽ አጠራቸውና ቃሬዛውን አሳረፉ። አባና እንድሪስ ራቅ ብለው ቆሙ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ። «ጠዋት የተናገርሽኝ እውነት ነው» አሉ። «በልቻለሁ። ጎድኑን አንስተው ሰጡኝ፣ በላሁ።»

«ተዉት አባ። እኔ ስንቱን…»

«አይ፣ ስሚኝ። እንጀራውን በላሁ፤ ስሙን ግን በሙታን አልጠራሁም። ቆሜ ቀስ ብዬ የአያትሽን ስም ነው የጠራሁት፤ ማንም አልሰማኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቅደስ በገባሁ ቁጥር ስጦታውን ከሕያዋን ጋር ስጠራው ኖርኩ። ዛሬ ጠዋት ነው ስሙን ያወጣሁት።»

«ለአባቴ ያኔ ለምን አልነገሯቸውም? ይህ ኃጢአት ነው፣ ልጁ አልሞተም ለምን አላሏቸውም?» ሽማግሌው የዛገ ሽቦ የመሰሉ ጣቶቻቸውን አዩ። «ፈራሁ» አሉ። «ቄስ የሰው እንጀራ ነው የሚበላ፤ ሰውን ይፈራል። እኔም ፈራሁ፣ አንቺም ፈራሽ፤ እሱ ብቻውን ሞተ። ተነሺ ልጄ፣ ፀሐይ እየወረደች ነው።»

ጉድጓዱ የተቆፈረው ቀይ ድንጋያማ አፈር ላይ፣ ስም የሌላቸው የድንጋይ ክምሮች መካከል ነው። ከዚያ በታች ገደሉ አፉን ከፍቶ ይታያል። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ከጨቀየ ልብሳቸው ላይ ነጭ ካባ ደርበው፣ መጽሐፋቸውን ገልጠው ፍትሐቱን በግዕዝ ጀመሩ። ሀብትነሽ ተገረመች፤ የባዕድ ቋንቋ ነበር የጠበቀችው። ቃሉ ግን በእናቷ ቀብር የሰማችው ራሱ ነው፤ ዜማው ብቻ ትንሽ ሰብሰብ ያለ። «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ። መላሽ የለም። ዲያቆን የለም፣ ሕዝብ የለም፤ እንድሪስ ኮፍያውን ይዞ ከዘኪያ ጋር ፈንጠር ብሎ ቆሟል፤ ሀብትነሽ ሰሌኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። አባ ጥቂት ጠበቁና የሕዝቡንም ፈንታ ራሳቸው መልሰው ቀጠሉ። ቄስ ውበቴ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከግዝት የሚሸሽ ሰው ሆነው፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ናቸው። ከሌላ ሃይማኖት ቄስ ጋር አብሮ መጸለይ ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ሀብትነሽ ታውቃለች፤ ከመቅደስ መከልከል ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ካቆማቸው ነገር መነቀል ነው። ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም፤ ማር ሊሸጥ ከቢቸና የመጣ አንድ ሰው ሸክሙን አውርዶ ከመንገዱ ላይ ያያል።

አባ እንደገና ያው ቃል ላይ ደረሱ። «ሰላም ለኵልክሙ።» ነፋስ ብቻ ነው የመለሰ። ያን ጊዜ ከዛፉ ሥር፣ ያረጀ ግን ዜማ ያልተለየው ድምፅ፣ «ምስለ መንፈስከ» አለ።

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀና አላሉም፤ ገጹን ገለጡ። ቀጠሉ። ሽማግሌው እየመለሱ፣ አንድ እርምጃ እየቀረቡ፣ መጨረሻ ላይ ከጉድጓዱ አፍ ደረሱ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን ሁለቱ እየተቀባበሉ አደረሱት። ስጦታው ወረደ። አፈሩን አራቱም በእጃቸው መለሱ፤ ዘኪያም መጥታ መለሰች። ሐውልት የለ፣ መስቀል የለ፤ እንድሪስ አንድ ሰፊ ድንጋይ አንከባሎ በራስጌው አስቀመጠ።

ግቢው ሲደርሱ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ነው። መኪና ስለሌለ እዚያው ማደር ግድ ሆነ። ቄስ ውበቴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው የኮንጎ ጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቁ፣ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ውስጥ ለሁሉም ሽሮ ጥደው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ የሀብትነሽ ስልክ ጮኸ። ይታያል ነው። ባለማሩ ቀድሞ ደውሎለታል።

«ሀብትነሽ፣ ቄስ ውበቴ ካንቺ ጋር ናቸው ይላሉ። ፈትተውታል ይላሉ። ውሸት ነው በይኝ» አለ። ድምፁ ቁጣ ብቻ አልነበረበትም፤ ልመናም ነበረበት። «ውሸት ነው ካልሽ እኔ ለጉባኤው እናገራለሁ፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

ስልኩን በመዳፏ ከድና ሽማግሌውን አየቻቸው። ሰምተዋል። የጫማውን ጭቃ መፋቅ አላቆሙም። «አንድ ጊዜ ያልሞተውን ሞተ አልን» አሉ። «አሁን ደግሞ የተቀበረውን አልተቀበረም አትበይ።»

«አዎ» አለች በስልኩ። «ፈትተውታል። እኔም ተሸክሜዋለሁ።»

ይታያል በደከመ ድምፅ፣ «እንግዲያው ጉባኤው ተሰብስቦ እስኪወስን መቅደስ እንዳይገቡ ንገሪያቸው» አለና ዘጋው። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ቢላዋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ ቀልቷል። ሀብትነሽ የተባለውን እንዴት እንደምታወጣው ጨነቃት። «አባቴ» አለች፣ «መቅደስ…»

«ገብቶኛል» አሉ ቄስ ውበቴ። ጫማቸውን አስቀመጡት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ፤ በዓይኗ ፊት ሲያረጁ አየቻቸው። «የመጪው ሰሞን ተረኛ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ቅዳሴው ሰው ይጎድለዋል። መልሰሽ ደውይለትና ይህን ንገሪልኝ፦ በኔ ፈንታ የሚገባ ሰሞነኛ ከአሁኑ ይፈልጉ፤ እሁድ ሕዝቡ መጥቶ በር ላይ እንዳይቀር።»

ሀብትነሽ ስልኩን አነሳች። ይታያል «አቤት» ሲላት፣ ቄስ ውበቴ ያሏትን አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ነገረችው።